ከንቲባው፣ ምክር ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱ፦ ከሦስቱ የበላዩ ማነው?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂዋ መጋላ ውስጥ በልብስ ስፌት የምትተዳደር እህት ናት። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሰላም ጋሼ። ሱቄን በ5 ቀን ውስጥ እንዳነሳ ደብዳቤ ደረሰኝ። ምክንያቱ አልተጻፈበትም። ፍርድ ቤት ሄጄ እስከ ቀጠሮው እንዳይነካብኝ እግድ አወጣሁ። ወረቀቱን ይዤ ስሄድ ኃላፊው ‹እኛ ተጠሪነታችን ለከንቲባው ነው፣ ፍርድ ቤት እኛን አያዘንም› አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ምክር ቤቱ ከሁሉም በላይ ነው፣ እዚያ ሂጂ› ትለኛለች። ትምህርት ቤት ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ ብለን ሸምድደን ነበር። ከሦስቱ የበላዩ ማነው? ሐረር ያለችው እህቴም ተመሳሳይ ደብዳቤ ደርሷታል። የሚነግሩኝ ነገር ለሷም ይሠራል?»

እህቴ፣ አስቸኳዩን ላስቀድም። እግዱ እስካልተነሳ ድረስ ያ መሥሪያ ቤት ሱቅሽን መንካት አይችልም። ተጠሪነቱ ለማንም ይሁን። ለከንቲባው ተጠሪ ነኝ ማለት ሥራዬን የሚገመግመው እሱ ነው ማለት ነው። ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ውጭ ነኝ ማለት አይደለም። ኃላፊው ትእዛዙ ስህተት ነው ካለ መንገድ አለው። እዚያው ችሎት ቀርቦ እግዱ ይነሳልኝ ብሎ ያመልክት፣ ካልሆነለትም ይግባኝ ይበል። ወረቀቱን አንብቦ «አይመለከተኝም» ማለት ግን ሕግ የሰጠው ምርጫ አይደለም።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄሽ እንምጣ። «የበላዩ ማነው?» የሚለውን ብዙ ደንበኞቼ ይጠይቁኛል። ከየት እንደመጣም ይገባኛል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። እዚሁ ሐረርጌ ተወልደው ሐረርን ያስተዳደሩት ተፈሪ መኮንን፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በ1923 ለአገሪቱ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሰጡ። የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። ሚኒስትሮች ነበሩ፣ ዳኞችም ነበሩ። ግን ክሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ እጅ ላይ ነበር የሚቋጠረው። ፍርድ የተዛባበት ሰው መጨረሻው ዙፋን ችሎት ነበር፣ ንጉሡ ፊት ቆሞ አቤት ማለት። በዚያ ሥርዓት «የበላዩ ማነው?» ለሚል ጥያቄ መልሱ አንድ ቃል ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በሌላ ሐሳብ የተሠራ ነው። ሥልጣኑን ሦስት ቦታ አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ሌላው የማይሠራውን ሥራ ሰጠ። በአንቺ ሱቅ እንየው። ምክር ቤቱ የከተማውን ደንብ ያወጣል፣ በጀቱን ያጸድቃል። ግን ተሰብስቦ «የእገሊት ሱቅ ይነሳ» ብሎ አይወስንም። አስተዳደሩ ደንቡን ያስፈጽማል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሠራተኛ ይልካል። ግን ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ ሊሆን አይችልም። ፍርድ ቤቱ አስተዳደሩ ሕጉን ጠብቆ እንደሆነ ይመረምራል። ግን መንገዱ በየት ይለፍ፣ ገበያው የት ይሁን ብሎ ከተማ አይመራም። ደግሞ ፍርድ ቤት ካልተጠራ አይመጣም። አንቺ መዝገብ ባታስከፍቺ ኖሮ ዳኛው ስለ ሱቅሽ አንዲት ቃል የመናገር ሥልጣን አልነበረውም። ይሄ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው። ከሦስቱ ፍርድ ቤት ብቻ ነው ሰው በር እስኪያንኳኳ ድረስ ዝም የሚለው።

ጎረቤትሽ ግን ከመሬት ተነስታ አልተናገረችም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፌዴራሉ መንግሥት ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው ይላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከዚያው ምክር ቤት አባላት መካከል ይመረጣል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለጠቅላይ ሚኒስትሩም ለምክር ቤቱም ተጠሪ ነው። ምክር ቤቱ ጠርቶ ይጠይቃል፣ ሹመት ያጸድቃል፣ የጸደቀው በጀት የት እንደገባ ከዋናው ኦዲተር ሪፖርት ይሰማል። ፕሬዚዳንቱ እንኳ አንድን ሕግ አልፈርምም ብሎ ሊያስቀረው አይችልም። በ15 ቀን ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማው ይጸናል። ስለዚህ የምክር ቤቱ ቦታ ትልቅ ነው። ግን ትልቅነቱ ዳኛውን እስከማዘዝ አይደርስም። አንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በስተቀር በማንም አይመሩም ይላል። «ማንም» ሲል ምክር ቤቱንም ይጨምራል።

ድሬዳዋ ላይ ነገሩ አንድ ጠመዝማዛ አለው። ከተማችን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ በስም የለችም። ክልልም አይደለችም። የቆመችው በቻርተር ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 416/1996። ምክር ቤት አላት፣ ከንቲባውን የሚመርጠው እሱ ነው። ከንቲባው ለምክር ቤቱም ለፌዴራሉ መንግሥትም ተጠሪ ነው። ይህን ቻርተር መለወጥ የሚችለው ግን አዲስ አበባ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፣ ድሬዳዋ እዚያ ያላት መቀመጫ ደግሞ 2 ነው። ሁለተኛው የፌዴራል ምክር ቤት፣ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች የሚቀመጡበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ አባላቱን የሚመርጡትም የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። የእኛ ምክር ቤት የክልል ምክር ቤት ስላልሆነ እዚያ የሚልከው ሰው የለም። አንድ ነጋዴ ከዚራ ጥላ ሥር ተቀምጦ ስለ ከተማው ሲከራከር ይህን ማወቅ አለበት። የሚጠየቀው አካል አንዳንዴ እዚህ አይደለም።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። በእኛ ሥርዓት የሳሳው ቦታ በምክር ቤቱና በአስፈጻሚው መካከል ያለው ነው። አስፈጻሚው የሚወጣው ከምክር ቤቱ ማህፀን ነው። ሁለቱንም አንድ ፓርቲ ሲይዛቸው ጠያቂው ተጠያቂውን እንደ አለቃው ማየት ይጀምራል። ሕጉ የጥያቄ ወንበሩን አስቀምጧል፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ግን ድፍረት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጎረቤትሽ እንዳለችው ለምክር ቤቱ አባል አቤቱታ ማስገባት አይጎዳሽም። እንዲያውም አስገቢ። አፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤትም አንድ ቅጂ ይድረስ። የቀበሌሽ ተመራጭ ጉዳዩን በስብሰባ ላይ ያንሳው። ግን እሱን ይዘሽ ፍርድ ቤቱን እንዳትተዪ። ምክር ቤት ፖሊሲ ያስለውጣል፣ በነገው ቀን የሚመጣን አፍራሽ ግን አያቆምም።

ፍርድ ቤቱስ በምን ይቆማል? በወረቀት ላይ ጥሩ አጥር ተሠርቶለታል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትሉ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። ሌሎቹ ዳኞች በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ተመርጠው ነው ለሹመት የሚቀርቡት። ከተሾሙ በኋላ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ ባለሥልጣን ስለተቆጣ አይነሱም። ለመነሳት የጉባኤው ውሳኔና የምክር ቤቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶችን በጀት በቀጥታ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚከሰሰው መሥሪያ ቤት የዳኛውን ደመወዝ የሚቆርጥ ቢሆን ኖሮ አንቺ እግድ ባላገኘሽም ነበር።

የጎደለው ሌላ ቦታ ነው። ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጽፋል፣ የሚያስፈጽምለት ፖሊስ ግን የአስፈጻሚው ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ከችሎት ወጥቶ መሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ያለው መንገድ አጭር ቢመስልም ብዙ ነገር የሚጠፋበት ነው።

ጥብቅና በጀመርኩ ሰሞን የገጠመኝን ልንገርሽ። የአንድ አዛውንት አጥር ሊፈርስ ነበር። እግድ አወጣን። ወረቀቱን ይዘን መሥሪያ ቤቱ የደረስነው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጸሐፊዋ አየችውና መልሳ ገፋችው። «አለቃ የለም፣ አልቀበልም» አለች። መዝገብ ቤት ሄድን። እነሱ ደግሞ አለቃ ካልመራበት አንቀበልም አሉ። እንደገና ወደ ጸሐፊዋ። እንደገና ወደ መዝገብ ቤት። ስድስት ሰዓት ሆነና ቢሮው ለምሳ ተዘጋ። የድሬ ሙቀት ታውቂዋለሽ። አዛውንቱ ኮሪደሩ ላይ ካለች አግዳሚ ተቀምጠው ወረቀቱን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል፣ ላባቸው ማህተሙን እንዳያበላሸው። ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ገባ። ወረቀቱን ተቀበላቸውና ቆሞ አነበበው። ማንንም አልጠየቀም። «ገቢ» የሚለውን ማህተም መታ። ቀኑን ጻፈ፣ ሰዓቱን ጻፈ፣ ፈረመ። አንዱን ቅጂ ለአዛውንቱ መለሰላቸው።

በማግሥቱ ማሽኑ አልመጣም። አለቃው ሐሳቡን ስለለወጠ አይመስለኝም። ያቺ ማህተም «አላየሁም፣ አልደረሰኝም» የሚለውን በር ስለዘጋችበት ነው። ያን ወጣት ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። የሥልጣን ክፍፍል ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሕገ መንግሥቱ አይደለም፣ የዚያ ልጅ እጅ ነው።

ስለዚህ አንቺም መጀመሪያ ማድረግ ያለብሽ ይሄ ነው። እግዱን መዝገብ ቤት አስገቢና ቅጂው ላይ «ገቢ» አስመቺ። እምቢ ካሉሽ በፍርድ ቤቱ በኩል እንዲደርሳቸው ጠይቂ፣ አንቺ ስትሰጪም ምስክር ይኑር። ከዚያ በኋላ ሱቁን ከነኩ፣ ወይም እንደሚነኩ ከዛቱ፣ በዚያው መዝገብ ላይ አቤቱታ አቅርቢ። አዲስ ክስ አያስፈልግሽም። ችሎቱ ኃላፊው በአካል ቀርቦ ለምን ትእዛዙን እንዳላከበረ እንዲያስረዳ ሊያዝ ይችላል። የፍርድ ቤትን ትእዛዝ መጣስ በወንጀል የሚያስጠይቀው ሰውየውን ራሱን ነው፣ መሥሪያ ቤቱን ብቻ አይደለም። ይህን ሲያውቁ ብዙዎቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። እግድ ጊዜያዊ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 154 የሚሰጠው እግድ ዋናው ክርክር እስኪያልቅ ነገሩን ባለበት ያቆያል እንጂ ሱቁ ያንቺ ነው ብሎ አይፈርድም። በቀጠሮሽ ቀን ካልቀረብሽ መዝገቡ ሊዘጋ፣ እግዱም አብሮ ሊወድቅ ይችላል። ሌላም አለ። ድሬዳዋ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፍርድ ቤት ጎን ለጎን ይሠራል፣ የከተማው ፍርድ ቤትና የፌዴራል ፍርድ ቤት። ጉዳዩ የማን ሥልጣን ነው የሚለው ክርክር መነሳቱ አይቀርም። እግድሽ ከየትኛው እንደወጣ ራስጌው ላይ አንብቢና ለጠበቃሽ ንገሪው። በተሳሳተ በር የገባ መዝገብ ጥሩ ክርክር ይዞም ይወድቃል።

ምክንያት አልተጻፈበትም ያልሽው ደብዳቤ ደግሞ እኔን በጣም ነው የቆረቆረኝ። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ ቁጥር 1183/2012፣ የወጣው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። አዋጁ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ሳይሆን የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደር አስፈጻሚ አካላት ይሸፍናል። ያንቺን መብት የሚነካ ውሳኔ ሲወስኑ ሊሰሙሽ፣ ምክንያቱንም በጽሑፍ ሊሰጡሽ ይገባል። «በመመሪያው መሠረት» ብለው ከጻፉ የትኛው መመሪያ ብለሽ ጠይቂ። መመሪያ በረቂቁ ላይ የሕዝብ አስተያየት ሳይሰበሰብ፣ ሳይመዘገብና በድረ ገጽ ሳይወጣ ተፈጻሚ ሊሆን አይችልም። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ መመሪያ በሰው ላይ የሚሠራበት ዘመን በዚህ አዋጅ አብቅቷል። በዚህ መንገድ ለመሄድ መጀመሪያ እዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ታስገቢያለሽ። ካልተፈታ ውሳኔው እንዲከለስ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ይህ መንገድ አጭር ቀነ ገደብ አለውና አትዘግዪ።

አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። አዋጁ ይህንኑ ነው የሚለው። ምናልባት አስተዳደሩ ሱቁን ለማስነሳት በቂ ምክንያት ይኖረው ይሆናል። መንገድ ሊሠራ ይሆናል፣ የደቻቱን ጎርፍ ሊከላከል ይሆናል። በ1998 ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን የማይረሳ የድሬ ልጅ የለም። ግን ምክንያቱን ይንገርሽ፣ ያንቺንም ይስማ፣ ከዚያ ይወስን።

አሁን የፍርድ ቤቱ እጅ የት ላይ እንደሚያጥር ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ጠበቃሽ ነገ «ሕገ መንግሥታዊ ጥያቄ ነው» ሊልሽ ይችላል። በሌላ ብዙ አገር ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ነው። እኛ ዘንድ የመጨረሻው ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩን አጥንቶ የሚያቀርብለት 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ አለ። ሰብሳቢው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው። አንድ ዳኛ ሕገ መንግሥቱ ይተርጎም የሚል ጥያቄ ከገጠመው ወደዚያ ይልካል። በ1997 ከምርጫው ማግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩ አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ወር ሰልፍና ስብሰባ ሲከለክሉ ተቃዋሚው ቅንጅት ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ወደ አጣሪ ጉባኤው ላከው። ጉባኤው ክልከላው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ፣ ነገሩ እዚያው አለቀ። በ2012 በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘምም የወሰነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ ሰኔ 3።

እኔ በዚህ ሥርዓት ላይ ቅሬታ አለኝ፣ አልደብቀውም። ፖለቲከኞች የሚቀመጡበት ቤት ፖለቲካዊ ክርክርን በዳኛ ዓይን ማየት ይከብደዋል። ግን መንገዱ ለተራ ሰው ዝግ ነው ማለት አይደለም። በ1996 የፌዴሬሽን ምክር ቤት አንዲት ሴት በውርስ ጉዳይ ያቀረበችውን አቤቱታ ተቀብሏል። ያለ ፈቃዷ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተዳኘችበት ውሳኔ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለና ሻረው። አንቀጽ 34 ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው በሃይማኖት ፍርድ ቤት መዳኘትን የሚፈቅደው። ሸሪዓ ፍርድ ቤትና መደበኛ ፍርድ ቤት አጠገብ ለአጠገብ በሚሠሩበት እንደ ድሬና ሐረር ባለ ከተማ ይህ ውሳኔ የብዙ እህቶችን ቤት የሚነካ ነው።

ያንቺ ጉዳይ ግን እዚያ የሚያደርስ አይመስለኝም። ያንቺ ጥያቄ «አስተዳደሩ ሕጉን ተከትሏል ወይ?» የሚል ነው። ይህን መልሶ መፍረድ የተራ ፍርድ ቤት ሙሉ ሥልጣን ነው። ተከራካሪሽ «ሕገ መንግሥታዊ ነው፣ ወደ አዲስ አበባ ይሂድ» ብሎ ነገሩን ለማርዘም ቢሞክር ጠበቃሽ ይህን ለይቶ ይመልስለት።

ወደ ሐረሯ እህትሽ ልምጣ። ሐረር ክልል ነው። የራሱ ሕገ መንግሥት፣ የራሱ ምክር ቤት፣ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚደርስ የራሱ ፍርድ ቤት አለው። ምክር ቤቱ ራሱ ለየት ያለ ነው። 22 አባላት ያሉት የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤና 14 አባላት ያሉት የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ አሉት። ለብሔራዊ ጉባኤው ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይመርጣሉ። በ2013 ምርጫ ቦርድ ከክልሉ ውጭ ድምፅ መስጫ አይኖርም ሲል ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ፍርዱም ለጉባኤው ሆነ። መስከረም 20 ቀን 2014 ድምፅ ሲሰጥ ከክልሉ ውጭ ያሉትም መረጡ። ነጻ ነው የሚባለው ቦርድ ለፍርድ ቤት ከታዘዘ ያንቺ ኃላፊ «አያዘንም» የሚልበትን ምክንያት ከየት እንደሚያመጣው አላውቅም።

ለእህትሽ ታዲያ ያ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ፣ 1183፣ አይሠራም፣ የክልል መሥሪያ ቤቶችን አይመለከትም። በር የምታንኳኳው የክልሉ ፍርድ ቤት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ግን ሐረርም ድሬም አንድ ነው፣ በፍርድ ሊወሰን የሚገባ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው። ቤቷ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ከሆነ ደግሞ የቅርስ ጥበቃ ሕግም ይገባበታል። ስለዚህ ደብዳቤውን የጻፈው የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነና የትኛውን ሕግ እንደጠቀሰ አይታ ትላክልኝ።

አንቺ ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤት ስትሄጂ ዋናውን የእግድ ወረቀት ቤትሽ አስቀምጪው። ሦስት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ፣ አንዱ ለነሱ፣ አንዱ «ገቢ» ተመትቶ ለአንቺ፣ አንዱ ለጠበቃሽ። የተመታበትን ሰዓት እንዲጽፉልሽም ጠይቂ።